ለ40 ተማሪ የሚሆን የኮምፒውተር ላብ፦ ከአንቲቫይረሱ በፊት ምን ይቅደም?

ጥያቄ፦ «በኮሌጃችን የኮምፒውተር ላብ ኃላፊ ነኝ። አንድ ባዶ ክፍል፣ 40 የተማሪና 1 የመምህር ኮምፒውተር፣ ባለ 48 ፖርት ስዊች፣ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ፕሪንተር እና በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት የሚያደርስ የኢንተርኔት መስመር ተረክቤያለሁ። በክፍሉ የቢሮ ሶፍትዌር፣ ፕሮግራሚንግ እና መሠረታዊ ኔትወርክ ይሰጣል። በቀድሞው ላብ ተማሪዎች ሴቲንግ እያበላሹና በፍላሽ ቫይረስ እያስገቡ ስላስቸገሩን፣ በየሴሚስተሩ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ፎርማት ስናደርግ ሳምንታት እናባክን ነበር። የትኛው አንቲቫይረስ ይሻለኛል? ኔትወርኩንስ በምን ቅደም ተከተል ልዘርጋ?»

ምላሽ፦ ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። የአንቲቫይረሱን ነገር በአጭሩ መልሼ ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ለተማሪ ላብ ይበቃል፤ ለሌላ አንቲቫይረስ ሊወጣ የነበረውን ገንዘብ ለኬብልና ለስዊች ቢያውሉት ይሻላል። እኔን ያሳሰበኝ «አንድ በአንድ ፎርማት ስናደርግ ሳምንታት እናባክን ነበር» ያሉት ነው፤ የላብዎ ዋና በሽታ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

የቢሮ ኮምፒውተር ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ዕቃውን ይጠነቀቅለታል። የላብ ኮምፒውተር ግን በቀን ስድስት ሰባት ሰው እጅ ይገባል፤ ያ ሰው ደግሞ ገና በመማር ላይ ያለ በመሆኑ ያልታዘዘውን ይሞክራል፣ መነካት የሌለበትን ይነካል፣ ያበላሻልም። ይህንን በቁጣና በክልከላ ብቻ ለማስቆም የተነሳ ላብ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተማሪው የሚፈራው፣ መምህሩም የሚሸሸው ክፍል ይሆናል። ስለዚህ ላቡ ሲነደፍ ማንኛውም ማሽን፣ ካስፈለገም አርባዎቹ በአንድ ጊዜ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜያት መካከል ባለው ዕረፍት ወደ መጀመሪያ ይዞታቸው መመለስ እንዲችሉ ታስቦ ይሁን። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ፣ ስለ ኤሌክትሪክ የምለው እንኳ ሳይቀር፣ ከዚህ መነሻ የመጣ ነው።

በኤሌክትሪኩ እንጀምር፤ ጠረጴዛና ኬብል ከገባ በኋላ መስመር መቀየር ከሁሉ የከፋ ጣጣ ነው። አንድ ተራ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ በሥራ ላይ 150 ዋት ያህል ይስባል ብለን ብንይዝ፣ የአርባው ድምር 6,000 ዋት ይሆናል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ 27 አምፔር ገደማ ነው። አንድ ባለ 16 አምፔር መስመር ይህንን እንደማይችል ግልጽ ስለሆነ ብዙዎች ሁለት መስመር አውጥተው ሒሳቡን እዚያ ላይ ያቆማሉ። ያኔ የሚመጣው ችግር ግራ ያጋባል፦ ማሽኖቹ በሙሉ ሲበሩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ጭነቱ ሲለካ ግን ከአቅም በታች ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የኤሌክትሪክ ረብሻን ለማጣራት በውስጡ ባለው ማጣሪያ በኩል ጥቂት ፍሰት፣ 1 ሚሊ አምፔር ወይም ከዚያ በለጥ ያለ፣ ሁልጊዜ ወደ መሬት መስመር ያሳልፋል። ሰውን ከአደጋ ለመጠበቅ የሚገጠመው መቁረጫ ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር የሚያህል ፍሰት ወደ መሬት ሲያመልጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ፣ መስመሩን ይቆርጣል። ሃያ ማሽን በአንድ መቁረጫ ሥር ሲሰበሰብ መቁረጫው ሥራውን በትክክል እየሠራ ክፍሉን ያጨልማል። ስለዚህ የተማሪዎቹ መስመር በአራት ይከፈል፤ በእያንዳንዱ መቁረጫ ሥር ከ10 የማይበልጡ ማሽኖች ይሁኑ፤ የመሬት መስመሩንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለክቶ ያረጋግጠው። መቁረጫውን አውጥቶ መጣል እንደ መፍትሔ ሲቀርብ ሰምቻለሁ፤ ይህ በፍጹም መደረግ የለበትም።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ለስዊቹ፣ ለራውተሩና ለሰርቨሩ ካለ ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተር ግን በዩፒኤስ ላይ አይሰካ፤ ቀለሙን ለማቅለጥ በየአፍታው የሚስበው ኃይል ከትንሽ ዩፒኤስ አቅም በላይ ነው። ሙቀቱንም ከአሁኑ ያስቡበት። ማሽኖቹ የሚስቡት ኃይል በሙሉ ሙቀት ሆኖ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው 100 ዋት ያህል ይጨምርበታል።

የጠረጴዛ አቀማመጡን በተመለከተ፣ ክፍሉ ከፈቀደ ማሽኖቹን ግድግዳውን ተከትለው እንዲደረድሩ እመክራለሁ። ኬብሉም ኤሌክትሪኩም በግድግዳው ቦይ ይሄዳል፣ በወለል ላይ የሚረገጥ ሽቦ አይኖርም፣ መምህሩም መሐል ቆሞ የሁሉንም ስክሪን ያያል። የኔትወርክ ኬብሉና የኤሌክትሪክ ሽቦው ግን በየራሳቸው ቦይ ይሂዱ።

አሁን ወደ ኬብሉ። በመዳብ ኬብል ከስዊች እስከ ማሽን የሚፈቀደው ርቀት 100 ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 90 ሜትሩ በግድግዳ ውስጥ ለሚቀረው፣ 10 ሜትሩ በሁለቱ ጫፍ ለሚሰኩት ፓች ኮርዶች (አጫጭር ኬብሎች) ይታሰባል። በአንድ ክፍል ውስጥ ይህ ርቀት አያሳስብም። ካት 5ኢ አንድ ጊጋ ቢት በሚገባ ይሸከማል፤ ቢሆንም ግድግዳ አንዴ ከተዘጋ በየዓመቱ ስለማይከፈት እኔ ካት 6ን እመርጣለሁ፤ በአጭር ርቀት፣ እስከ 55 ሜትር ድረስ፣ 10 ጊጋ ቢትም ይችላል። በጥብቅ የማስጠነቅቀው ኬብሉ ንጹሕ መዳብ እንዲሆን ነው። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን በቀላሉ ይሰበራል፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውም ከመዳቡ ይበልጣል። የገዙትን ጥቅልል ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርገው ይመልከቱት፤ ከላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ብር የሚመስል ከሆነ ይመልሱት።

በኬብል አገጣጠም ላይ ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ስሕተት ዘርዘር አድርጌ ላሳይ። የተለመደው የቢ (T568B) አሰላለፍ ከ1 እስከ 8 ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው። እዚህ ላይ አረንጓዴው ጥንድ ተለያይቶ በ3 እና በ6 ላይ መቀመጡ ለዓይን አያምርም፤ ስለዚህ ሥራውን በልምድ የለመደ ሰው ጥንዶቹን ጎን ለጎን፣ ብርቱካኑን በ1 እና 2፣ አረንጓዴውን በ3 እና 4፣ ሰማያዊውን በ5 እና 6 አድርጎ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት ይገጥማል። ባለ ስምንት መብራቱ ርካሽ መሞከሪያ መስመሩ ከ1 እስከ 8 በተራ ሲበራ ያያልና «ደህና ነው» ይላል። ኬብሉ ግን ደህና አይደለም። ፖርቱ 3ኛውንና 6ኛውን ሽቦ እንደ አንድ ጥንድ ይጠቀምባቸዋል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አሁን አንዱ ከአረንጓዴው፣ ሌላው ከሰማያዊው የተወሰዱ ስለሆኑ አብረው አልተጠማዘዙም፤ ረብሻን የሚያጠፋው ደግሞ አብሮ መጠማዘዙ ነው። ማሽኑ ብቻውን ሲሞከር ይሠራል፣ ክፍሉ ሲሞላ ይንተባተባል። ጥንዶቹን ሲገጥሙም ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቷቸው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነጥብ አለ። 100 ሜጋ ቢት የሚጠቀመው ሁለቱን ጥንዶች፣ ማለትም 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ሲሆን ጊጋ ቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ቡናማው ወይም ሰማያዊው ሽቦ አንዱ ጋ በደንብ ካልያዘ ብዙ የኔትወርክ ካርዶች ምንም ሳያሳውቁ ወደ 100 ሜጋ ቢት ይወርዳሉ፤ ተማሪውም ኢንተርኔት እስከከፈተለት ድረስ ምንም አይታወቀውም። ሥራውን ከመረከብዎ በፊት ስዊቹ ውስጥ ገብተው እያንዳንዱ ፖርት 1,000 የሚል ፍጥነት ማሳየቱን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ ይታያል።

ቁጥር አሰጣጡን እዚህ ጋ ላንሳው። 17ኛው ማሽን የሚሰካበት የግድግዳ ሶኬት 17፣ የፓች ፓነሉ (የግድግዳው ኬብሎች ስዊቹ አጠገብ የሚሰበሰቡበት ሰሌዳ) ቀዳዳ 17፣ የስዊቹ ፖርት 17፣ የማሽኑ ስም ላብ1-17፣ አድራሻውም በ117 የሚያበቃ ይሁን። ተማሪ «17 አልሠራም» ሲልዎ ከወንበርዎ ሳይነሱ የትኛውን ፖርት እንደሚያዩ ያውቃሉ። ከ48ቱ ፖርት 41ዱ ለማሽኖቹ፣ ሦስቱ ለሰርቨሩ፣ ለፕሪንተሩና ለራውተሩ ሲውሉ አራት ይተርፋሉ፤ እነዚህ አራቱ ሥራ እስኪመጣላቸው ድረስ ዝግ ይሁኑ።

ስዊቹ ሴቲንጉ የሚስተካከል ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ዝም ብሎ የሚሰካው ዓይነት ለላብ አይሆንም። ተማሪ የአንድን ፓች ኮርድ ሁለቱንም ጫፍ በግድግዳው ላይ ባሉ ሁለት ሶኬቶች የሚሰካበት ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ በተንኮል ሳይሆን የተንጠለጠለ ሽቦ ሲያይ ቦታ ሊፈልግለት ብሎ ነው። ያኔ አንድ ለሁሉም የተላከ መልእክት በዚያ ቀለበት ሲዞር፣ ሲባዛ በሰከንዶች ውስጥ ክፍሉን በሙሉ ይዘጋዋል። ይህንን የሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ የተባለው አሠራር ነው፤ እንዲበራ ያድርጉት፣ በተማሪ ፖርቶች ላይም ሌላ ስዊች ወይም ቀለበት ሲሰካ ፖርቱን የሚዘጋውን ቢፒዲዩ ጋርድን ይጨምሩበት። ከዚህ ሌላ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን ያብሩ (ዲኤችሲፒ ለማሽኖች የኔትወርክ አድራሻ በራሱ የሚያድል አገልግሎት ነው)፤ የኔትወርክ ተማሪ የተለማመደበትን ትንሽ ራውተር ወደ ላቡ መስመር ሲሰካ፣ ራውተሩ ለጎረቤቶቹ ሁሉ የተሳሳተ አድራሻ ማደል እንዳይጀምር የሚያግደው እሱ ነው።

ስፓኒንግ ትሪ ግን በነባሩ አሠራሩ አንድ ወጥመድ አለው፤ እኔም በአንድ ኮሌጅ ላብ ስተክል ወድቄበታለሁ። ማሽኖቹን ከሰርቨሩ ላይ በኔትወርክ ቡት ለማድረግ (ለማስነሣት) ስንሞክር ሁሉም «አድራሻ አልተገኘም» እያሉ ወደየሃርድ ዲስካቸው ይመለሱ ነበር። ሁለት ቀን ሰርቨሩን ስንፈታ ስንገጥም ቆየን። በመጨረሻ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ለሌላ ጉዳይ በማሽኑና በዋናው ስዊች መካከል አሮጌ ባለ አምስት ፖርት ስዊች ሲያስገባ፣ ያ ማሽን ብቻ ተነሣ። ነገሩ የተገለጠልን ያኔ ነው። በቀድሞው ስፓኒንግ ትሪ አንድ ፖርት መስመር ከያዘ በኋላ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መረጃ ያሳልፋል። ማሽኑ ሲነሣ የኔትወርክ ካርዱን አጥፍቶ ስለሚያበራ የ30 ሰከንዱ ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ በኔትወርክ የሚነሣው ፕሮግራም ደግሞ ያን ያህል አይታገሥም። አሮጌው ትንሽ ስዊች የጠቀመው ማሽኑ ቢጠፋም ቢበራም የዋናውን ስዊች መስመር ሳያቋርጥ ይዞ በመቆየቱ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ በተማሪ ፖርቶች ሁሉ ላይ ፖርቱ ሳይጠብቅ ወዲያው እንዲያሳልፍ የሚያደርገውን ፖርትፋስት፣ በሌሎች አምራቾች ዘንድ ኤጅ ፖርት የሚባለውን ማብራት ነው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

አድራሻን በተመለከተ ለውስጥ ኔትወርክ ከተመደቡት ሦስት ክልሎች መካከል በ10 የሚጀምረውን እመርጣለሁ፤ ከ192.168 ጀምረው የሚመጡ የቤት ራውተሮች ብዙ ስለሆኑ ግጭት ይቀንሳል። ለምሳሌ ላቡ 10.20.1.0 ባለ 24 ቢት (የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ከማሽን ማሽን የሚለያይበት)፣ የኔትወርክ ልምምዱ 10.20.2.0፣ ስዊቹና ሌሎች መሣሪያዎች የሚመሩበት 10.20.9.0 ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም በየራሳቸው ቪላን (በአንድ ስዊች ውስጥ በተከፈለ የተለየ ኔትወርክ) ተለይተው። አድራሻውን በየማሽኑ ላይ በእጅ አይጻፉ። ዲኤችሲፒው የካርዱን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠውን መለያ ቁጥር) አይቶ ለ17ኛው ማሽን ሁልጊዜ 10.20.1.117ን እንዲሰጥ ያድርጉ፤ ያኔ ማሽኑ መቶ ጊዜ ቢገለበጥ አድራሻው አይጠፋም። ከላቡ ወደ ኮሌጁ የሬጅስትራርና የፋይናንስ ኔትወርክ የሚያሻግር መንገድ በራውተሩ ላይ ዝግ መሆን አለበት። ዋይፋይን በተመለከተ፣ አርባ ዴስክቶፕ አንድን አየር ተሻምቶ እንዲማር አያድርጉ።

ወደ ልቡ ደረስን። አንድ ማሽን ይምረጡና የሚፈለገውን ሁሉ በጥንቃቄ ይጫኑበት፤ ይህ አብነት ማሽን ይባል። የተማሪው መግቢያ ተራ ተጠቃሚ እንጂ አድሚን አይሁን፤ ከፍላሽ ላይ በራሱ የሚነሣ ፕሮግራም ይዘጋ፤ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም) የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ለቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር ለሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) የሚያስፈልገው የፕሮሰሰር ድጋፍ ባዮስ ውስጥ ይብራ፤ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይመጣልና። ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን በአንድ ዲስክ ላይ ከማኖር አንዱን ዋና አድርጎ ሌላውን በቨርቹዋል ማሽን ማስነሣት ይሻላል፤ ለዚህም 16 ጊጋ ባይት ራምና ኤስኤስዲ ያስፈልጋል። ለቢሮ ሶፍትዌር ብቻ ቢሆን 8 ይበቃ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ በመሆኑ ማሽኖቹ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል መያዛቸውንም ይመልከቱ።

አብነቱ ሲያልቅ ኢሜጁ (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ) ተወስዶ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ለዚህ ፎግ ወይም ክሎንዚላ የተባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች በሚገባ ያገለግላሉ። ዊንዶውስ ከሆነ ኢሜጁ ከመወሰዱ በፊት ሲስፕረፕ በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የማሽኑ መለያ ይጽዳ። ሊኑክስ ከሆነ ማሽን አይዲ የተባለው ፋይል ባዶ ይደረግ፣ የኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) ቁልፎቹም ይጥፉ፤ አለዚያ በአንዳንድ ስርጭቶች ላይ አርባው ማሽን ለዲኤችሲፒው በአንድ ማንነት እየቀረበ አንዱን አድራሻ ይሻማል። ቀጥሎ የሚመጣው ማከፋፈል ነው። ኢሜጁ 30 ጊጋ ባይት ነው እንበል። ጊጋ ቢት መስመር በተግባር በሰከንድ 110 ሜጋ ባይት ያህል ያሳልፋል። ለእያንዳንዱ ማሽን ለየብቻ ከተላከ 1,200 ጊጋ ባይት በሰርቨሩ አንድ መስመር ማለፍ አለበት፤ ይህም ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በመልቲካስት ሲላክ ግን ሰርቨሩ 30 ጊጋ ባይቱን አንዴ ብቻ ያወጣል፣ አርባውም እኩል ይቀበላሉ፤ በስሌት አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ ዲስክ ላይ የመጻፉና የማዘጋጀቱ ጊዜ ሲጨመርበት ግን ወደ ሩብ ሰዓት ይጠጋል።

ኬብሉ ላይ ያን ያህል የጨቀጨቅሁት ለዚህ ነው። በመልቲካስት ሁሉም የሚሄደው በዝግተኛው ማሽን ፍጥነት ነው። ከአርባው አንዱ በላላ ሽቦ ምክንያት ወደ 100 ሜጋ ቢት ከወረደ በሰከንድ 12.5 ሜጋ ባይት ብቻ ስለሚቀበል፣ ያ የአምስት ደቂቃ ስርጭት ለሁሉም 40 ደቂቃ ይሆናል። ሌላም ምልክት አለ፦ ስርጭቱ በደንብ ጀምሮ ከአራት ደቂቃ በኋላ በድንገት ከቆመ፣ ስዊቹ አይጂኤምፒ ስኑፒንግን (መልቲካስቱን ለሚቀበሉት ፖርቶች ብቻ የሚያደርሰውን አሠራር) እየሠራ «አሁንም የሚቀበል አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አልተመደበም ማለት ነው። በመደበኛው 260 ሰከንድ ያህል መልስ ካላገኘ ስዊቹ ተቀባዮቹን ይረሳቸዋል። ጠያቂነቱን ስዊቹ ራሱ እንዲይዘው ያድርጉ።

ኢሜጁ በሴሚስተሩ መጀመሪያና ሶፍትዌር ሲቀየር የሚያገለግል ሲሆን የዕለት ተዕለቱን ብልሽት ደግሞ በማቀዝቀዝ እንከላከላለን፤ ማለትም በዲስኩ ላይ የሚደረገው ለውጥ ሁሉ ለጊዜው ሌላ ቦታ ተጽፎ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል። በዊንዶውስ ኢንተርፕራይዝና ኢዱኬሽን እትሞች ላይ ዩኒፋይድ ራይት ፊልተር የተባለው ይህንን ይሠራል፤ ሌሎች የሚሸጡም አሉ። ነባሩ የጊዜያዊ ማስቀመጫ መጠን 1,024 ሜጋ ባይት ስለሆነ ለፕሮግራሚንግ ክፍል አይበቃም፣ ሲሞላም ማሽኑ ይደናቀፋል፤ ከፍ አድርገው በዲስክ ላይ እንዲሆን ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ቫይረስም ቢገባ ዕድሜው እስከሚቀጥለው ሪስታርት ነው።

ማሽኑ ሁሉን የሚረሳ ከሆነ የተማሪው ሥራ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ ያስፈልገዋል። በሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ ፎልደር ተከፍቶ፣ ከ1 ጊጋ ባይት እንዳያልፍ ገደብ ተደርጎበት ሲገባ በራሱ ይገናኝ፤ 500 ተማሪ ቢኖር 500 ጊጋ ባይት ነው። ሁለት ዲስክን እንደ መስታወት አጣምሮ ማስቀመጥ ባክአፕ አይባልም፤ ተማሪው በስሕተት ያጠፋው ፋይል ከሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋልና። በየሌሊቱ የሚገለበጥ፣ ከክፍሉ ውጭ የሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ይኑር። ይህንን ካላደረጉ ማቀዝቀዙ ራሱ ጠላት ይሆንብዎታል፤ ያስረከበው ሥራ የጠፋበት ተማሪ ላቡን ዳግመኛ አያምንም።

ኢንተርኔቱ 20 ሜጋ ቢት ለአርባ ሲካፈል ለአንድ ማሽን ግማሽ ሜጋ ቢት ይደርሳል። ለማንበብና ለመፈለግ ያገለግላል፤ ለአፕዴት ግን አይሆንም። 500 ሜጋ ባይት የሆነ አንድ አፕዴት በአርባው ማሽን ላይ ለየብቻ ቢወርድ 20 ጊጋ ባይት ነው፤ መስመሩን በሙሉ ይዞ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በቀዘቀዘ ማሽን ላይ ደግሞ ይኸው አፕዴት በማግስቱ ተረስቶ እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ የራስ-ሰር አፕዴት በተማሪ ማሽኖች ላይ ይዘጋ፤ በወር አንድ ጊዜ አብነቱ ይታደስና አዲሱ ኢሜጅ ሌሊት ይሰራጭ። ድሮ የምንመክረው የዌብ መሸጎጫ ሰርቨር፣ ድረ ገጾች በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የተመሰጠሩ ስለሆኑ፣ ዛሬ ብዙ አያተርፍም። ከእሱ ይልቅ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎቹን ሰነዶች በሰርቨሩ ላይ ማኖር፣ ዊኪፔዲያንም ኪዊክስ በተባለው ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ ሶፍትዌር አውርዶ ማስቀመጥ ለተማሪው ይጠቅማል፤ መስመሩ ሲቋረጥም ትምህርቱ አይቋረጥም።

ለኔትወርክ ትምህርቱ የተለየ ቪላን ብቻ አይበቃም፤ ተማሪዎቹ እንዲያበላሹት የተፈቀደላቸው ሁለት ሦስት አሮጌ ስዊችና ራውተር ከዋናው ስዊች ጋር ሳይገናኙ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡላቸው። ቀሪውን በቨርቹዋል ማሽንና ፓኬት ትሬሰር በተባለው የኔትወርክ ማስመሰያ ሶፍትዌር ይለማመዳሉ። መምህሩ ስክሪኑን ለሁሉም ለማሳየትና የተማሪዎቹን ለመከታተል ቪዮን የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ጥሩ ነው። የማሽኖቹ ሰዓትም ከሰርቨሩ ጋር ይስተካከል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትደክም ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ድረ ገጾች በሰርተፊኬት ስሕተት አይከፈቱም፤ ዶሜይን (የሁሉንም መግቢያ ከሰርቨር የሚቆጣጠር አሠራር) ካለም ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ሲያልፍ መግባት ይከለከላል፤ ሰዉ ግን «ኔትወርኩ ተበላሸ» ነው የሚለው።

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንድ ከሰዓት ለሙከራ ይመድቡ። አርባውንም ማሽን በአንድ ጊዜ ያብሩና ብሬከር የሚወርድ እንደሆነ ይዩ። አንዱን ፓች ኮርድ ሆን ብለው በሁለቱም ጫፍ ግድግዳው ላይ ሰክተው ሌሎቹ ማሽኖች መሥራታቸውን ያረጋግጡ። ከዚያ ላቡን ያልተከለ አንድ ረዳት ይጥሩና፣ እርስዎ ምንም ሳይነግሩት፣ የተጻፈለትን አንድ ገጽ መመሪያ ብቻ እያነበበ አርባውን ማሽን ከሰርቨሩ ላይ ገልብጦ ያስነሣ፤ እርስዎ ሰዓት ይያዙ። ረዳቱ የተደናቀፈበት መስመር መመሪያው ላይ ይታረም። ሥራው ከ20 ደቂቃ እጅግ ካለፈ ደግሞ ሰርቨሩን አይንኩት፤ ስዊቹን ከፍተው ፍጥነቱ 100 የሚለውን ፖርት ይፈልጉ።